የኳስ ሜዳው አያት፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በመንዝ ጌራ ምድር ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፥ ውርጭ የማይለየው፥ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚታይበት፥ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት ሰፊ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ከሚሆነው ከጓሳ ሣር ነው። ይህንን ሣር የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው አቆይተውታል። ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ በተዘጋበት ጊዜ ከብቱን ያስገባ ሰው፥ የጠባቂው ዘመድም ቢሆን ባዳ፥ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ላላ፤ ነገር ግን ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም።

በዚሁ ደጋ ላይ በልደት ሰሞን ጎረምሶች ገና ይጫወታሉ። ዱላው ጫፉ የቆለመመ ነው፤ ሩሩ ከእንጨት ተጠርቦ የተድቦለቦለ ነው። የሜዳው ስፋት በስምምነት፥ የተጫዋቹም ቁጥር እንደ መጣው ሰው ብዛት ይሆናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ያልቃል። ጠብ ቢነሣ ሽማግሌ ይገባል፤ በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሆኑ የተመታ ጌታ አይቆጣም። ለሣሩ እንደዚያ የጠበቀ ሕግ ያወጣ ሕዝብ ለጨዋታው ግን ሕግ ሳያወጣ መኖሩ ብዙ ጊዜ ያስገርመናል። ምናልባት ጨዋታ ለአንድ ቀን ደስታ ነው፥ ሣር ግን ኑሮ ነው ብለው ይሆናል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላቸው ሰው ግን ጨዋታን እንደ ጓሳው ሣር የቆጠሩ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለኳስ ሜዳ ሕግ፥ ለተጫዋቹም መዝገብ፥ ለዳኛውም ሥልጣን እንዲኖር ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ፥ ከዚያም አልፈው ይህንኑ ሕግ በአፍሪካና በዓለም ፊት ያስከበሩ ሰው ናቸው። እኛ የዛሬ ወጣቶች በዓይናችን አላየናቸውም፤ ዕድሜያቸው የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ታሪክ ከሥሩ ለማጥናት የተነሣ ሰው ግን በየገጹ የሚያገኘው የእርሳቸውን ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።)

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። ነጋድራስ ተሰማ የሰሜን ሸዋ ሰው፥ የምንጃር ተወላጅ ሲሆኑ፥ በቅኔያቸውና በቀልዳቸው በመላው አገር የታወቁ ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፥ በዚያም ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው፥ በሸክላ ከተቀረጹት ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች የመጀመሪያው ሆነዋል። እንግዲህ ልጁ ያደገው አዲስ ነገር ከባሕር ማዶ ሲመጣ አይቶ በማይሸሽ፥ ይልቁንም የራሱ አድርጎ በአማርኛ በሚጫወትበት ቤት ነው። አባት በሸክላው ያደረጉትን ልጅ በኳሱ አደረገው ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ አንድ የኳስ ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወደ ቡድኑም ገቡ። ነገር ግን ጊዜው የጨዋታ ጊዜ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው መንግሥት የዘር ሕጉን ወደ ኳስ ሜዳም አመጣው፤ ነጭ ከነጭ፥ ጥቁር ከጥቁር ብቻ እንዲጫወት አዘዘ። ቅዱስ ጊዮርጊስም የገዛ ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተደረገ። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜያቸውን፥ ማለት ሰው ሰው የሚሆንበትን ጊዜ፥ በቆዳ ቀለም በተከፈለ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አሳለፉ። ይህንን ነጥብ አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ከ20 ዓመት በኋላ በካርቱም ለሆነው ነገር ቁልፉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ ስሙን መልሶ አገኘ፤ አዲስ አበባም ኳስ በኳስ ሆነች። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው ገና ከ20 ዓመት ትንሽ አለፍ ያላቸው ወጣት ነበሩ፤ ነገር ግን ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1936 ዓ.ም. በተጀመረው ውድድር የተካፈሉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፥ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፥ አራራት የአርመኖች፥ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፥ አምስተኛውም የእንግሊዝ የጦር ልዑካን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። አራቱ የውጭ አገር ሰዎች ቡድኖች ናቸው፤ የአገሩ ልጅ ቡድን አንድ ነው። ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ፥ በየትምህርት ቤቱ፥ በየፋብሪካው ቡድን መኖሩን ለሚያይ ወጣት ይህ ነገር ተረት ይመስላል።

ከዚያ አንድ ቡድን የዛሬው ብዛት እንዲወጣ ምን ያስፈልግ ነበር? ኳስና ሜዳ ብቻ አይበቃም። ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕጉም በአማርኛ መሆን አለበት፤ ዳኛም መሠልጠን አለበት፤ ውድድሩ በፕሮግራም መመራት አለበት፤ የተከሰሰ ቡድን ክሱ የሚሰማበት፥ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት ጽሕፈት ቤት መኖር አለበት። አቶ ይድነቃቸው የጨዋታውን ደንብ በአማርኛ በማሰናዳትና የስፖርቱን ጽሕፈት ቤት በማደራጀት ሥራ ከፊተኞቹ አንዱ ናቸው። ጧት ደብዳቤ ሲያረቅቁ ውለው፥ ማታ ታኬታ አጥልቀው ሜዳ ይገቡ ነበር ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የምንገኝ ወጣቶች ፋይልን እንደ ሞት የምንፈራ ብዙ ነን፤ አቶ ይድነቃቸው ግን ፋይልና ኳስ እንደማይጣሉ በሥራቸው አሳይተዋል።

በተጫዋችነታቸው ሳንናገር ማለፍ ደግሞ ግፍ ይሆንብናል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ሙሉ ተሰልፈዋል፤ ሌላ ቡድን አልቀየሩም። እንደሚነገረው በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብተዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም. ከጎረቤት አገር ጋር የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አድርጋ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌ ይባል የነበረውን የጂቡቲን ቡድን 5 ለ 0 ስትረታ የእርሳቸው ትውልድ በሜዳው ላይ ነበር። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው ወደ 37 ተጠግቶ ነበር። በዚህ ዕድሜ ከ18 ዓመት ልጅ ጋር የሚሯሯጥ ሰው ልጁን ምን ያህል እንደሚያስተምረው መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ካርቱም እንለፍ። በ1949 ዓ.ም. አፍሪካ ውስጥ የራሳቸው መንግሥት የነበራቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ግብፅ፥ ሱዳንና ኢትዮጵያ፥ ከደቡብ አፍሪካም ጋር አራት ሆነው፥ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም የካቲት 1 ቀን ካርቱም ላይ ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያን ወክለው ከሄዱት ዋናው አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ከስብሰባው ጋር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት፥ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እልካለሁ፥ የተቀላቀለ ግን አልክም አለች። ጉባኤውም አይሆንም አላት፤ ከውድድሩም ወጣች።

ነገሩን ክፉ አድርጎ የሚያይ ሰው፥ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ የደረሰችበት ውሳኔ ስለሆነ ጥቅሟን ፈልጋ ነው ሊል ይችላል። እውነትም ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳለች። የጠበቃት ግን ግብፅ ነበረና 4 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባለው የግብፅ አጥቂ ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ዋንጫም ግብፅ በዚያው ቁጥር፥ 4 ለ 0፥ ደገመችው፤ ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን። ስለዚህ ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን ብዙ ሰው የፈራው እንግዶች ተሰብስበው በቤታችን እንዳያሳፍሩን ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑን አሠልጣኝነት የያዙት አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተረታች። ጥምቀት አለፈ። ጥር 13 ቀን እሑድ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት፥ ሁለቱን ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ (ያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር) ሜዳ ገባች። በ35ኛው ደቂቃ በዳዊ የተባለው ተጫዋች ለግብፅ አገባ። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ስትጥር ቆይታ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነች፤ ሕዝቡ ገና ጭብጨባውን ሳይጨርስ በ75ኛው በዳዊ ደገመ። እንደዚህ ያለ ደቂቃ ቡድንን ይገድላል። ይህ ቡድን ግን አልሞተም። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባ፤ 2 ለ 2 ሆኖ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ፥ በ117ኛውም የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበትና 4 ለ 2 አለቀ።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው። ሉቻኖና ኢታሎ እናታቸው ኤርትራዊት፥ አባታቸው ኢጣልያዊ ነበሩ። ፋሽስት ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ አይጫወትም ካለ፥ ከአገርም ከተባረረ 21 ዓመት ብቻ ሆኖታል። በውቤ ሰፈር በተከፈለው ሜዳ ያደጉት አሠልጣኝ ከዳር ቆመው ይህንን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው እኛ አንገምትም፤ ሥዕሉ ግን ራሱ ይበቃል።

ከዚህ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ዝናውን ይዞ በተቀመጠ ነበር። የአቶ ይድነቃቸው ከባዱ ሥራ የተጀመረው ግን ከዚህ ወዲህ ነው፤ ሜዳው ደግሞ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ፊፋ፥ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ አግዶ፥ በ1955 ዓ.ም. የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ስር ስታንሊ ራውስ አገሩን ጎብኝተው ሲመለሱ እገዳውን አነሣ። አፍሪካውያን ተቆጡ። በዚያው ሰሞን ሌላ በደል ተጨመረ። እንግሊዝ አገር ለሚደረገው የ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድም ሙሉ ቦታ አልተሰጣትም፤ የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። 16 ቦታ ሲኖር ለሁለት ክፍለ ዓለም አንድ ቦታ ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካን አገሮች አስተባብረው ሁሉም ከማጣሪያው እንዲወጡ አደረጉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ነበረች። መንግሥቱ ወርቁ በዚያን ጊዜ ጉልበቱ የሞላ ወጣት ነበር፤ የ1954ቱ ጀግኖች ብዙዎቹ ገና አልደከሙም። እነዚህን ልጆች አሠልጥነው ለዋንጫ ያበቁት ሰው፥ የዓለም ዋንጫ የሚታይበትን መንገድ በራሳቸው እጅ ዘጉባቸው። በካርቱም መርሕና ጥቅም አብረው ሄደው ነበር፤ በዚህኛው ግን ተለያዩ፥ እርሳቸውም መርሑን ያዙ። ጓሳ በተዘጋበት ወራት የገዛ ከብቱ ሲራብ እያየ በሩን የማይከፍት የቄሮ ጠባቂ ማለት ይህ ነው። በባዶው ቦታ የገባችው ሰሜን ኮርያ ኢጣልያን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። የእኛ ተጫዋቾች ግን ያንን መድረክ ሳይረግጡ ጫማቸውን ሰቀሉ፤ ለእነርሱ ዋጋው ከባድ እንደነበረ መካድ አይገባም።

ፍሬውም ቶሎ ታየ። በ1957 ዓ.ም. መግቢያ ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ እንደገና ታገደች። በ1962ቱ የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ሙሉ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደችበት። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ብራዚላዊው ዦአኦ ሃቬላንጅ ስር ስታንሊ ራውስን 68 ለ 52 በሆነ ድምፅ ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን አዘንብሎታል። በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። በ1974ቱ የእስፓኝ ዓለም ዋንጫም የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ ይድነቃቸው የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ሆነው፥ ያንኑ የዘር ጉዳይ በዚያም ሸንጎ ሲሟገቱ ነበር።

ሥልጣን ለአገር ልጅ ይጠቅማል የሚል አሳብ ያለው ሰው ደግሞ የ1968ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ይመልከት። ውድድሩ በኢትዮጵያ ተደረገ፤ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቡድን ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፎ፥ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፥ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጥቶ ከመጀመሪያው ምድብ ሳያልፍ ቀረ። ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮ ወሰደች። ፕሬዚዳንቱ በገዛ ከተማቸው ለሌላ አገር ዋንጫ አስረከቡ።

በአንድ ጉዳይ ግን ከአቶ ይድነቃቸው ጋር በሙሉ ልብ ለመስማማት ያስቸግረናል። የአፍሪካ ተጫዋቾች በገንዘብ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። አንድ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከባሕር ማዶ ከሁለት ተጫዋች በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክለውም ደንብ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ፍርሃታቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬ የአፍሪካ ልጅ ገና በ15 ዓመቱ ዓይኑ ወደ ውጭ ነው፥ የአገር ውስጥ ሜዳዎችም ባዶ ይሆናሉ። ነገር ግን የድኃ ልጅ እግሩ ብቻ ሀብቱ ሲሆን፥ ሂድ ብለው የሚከፍሉት እያሉ አትሂድ ማለት ፍርድ ነውን? እርሳቸው ራሳቸው ያለ ደመወዝ 23 ዓመት ለአንድ ቡድን የተጫወቱ ሰው ስለነበሩ የሌላውን ችግር በራሳቸው ሚዛን መዝነውት ይሆናል። ሕግ አክባሪ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሕጉ የሚከብደውን ሰው አያይም።

የቀረውን በአጭሩ እንጨርሰው። አቶ ይድነቃቸው አብዮቱ ከመጣ በኋላም ከስፖርቱ ሳይለዩ፥ የኮንፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት ለ15 ዓመት ያህል እንደያዙ፥ በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን አረፉ። 66ኛ ዓመታቸውን ሊሞሉ አንድ ወር እንኳ አልቀራቸውም ነበር። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። በመንዝም በአዲስ አበባም ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፥ ዱላ ይዘው በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል የሚቀበሉበት ቀን ነው። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ አረፉ፤ ሁለቱም የልጆች በዓላት ናቸው።

ሲሞቱ ያልተፈጸመ ነገር ትተው ሄዱ። የደቡብ አፍሪካ ነገር ገና አልተቋጨም ነበር፤ የኢትዮጵያም ቡድን ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዙ ሲፈርስ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ባለበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በቤቷ ወሰደች። የኢትዮጵያ ቡድን ግን 31 ዓመት ጠበቀ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ወደ ውድድሩ ሲመለስ፥ አስተናጋጇ አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ግጥሚያ ያለፈው ጊዜ ባለ ዋንጫ ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ኔልስፕሩት ከተማ ላይ ተደረገ፤ አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጡ። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ የግብፅ ቡድን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 ከተረታ ልክ 51 ዓመት።